የፋብሪካን ተግባር በሞዴል ማሳየት፦ የትኛው ዘዴ ለየትኛው ጥያቄ?

የአብዛኛው ፋብሪካ የቴክኒክ ቢሮ የቧንቧና የመሣሪያ ሥዕል አያጣም። ፓምፑ የት እንደተተከለ፣ ቫልቩ ስንት ኢንች እንደሆነ፣ ትራንስሚተሩ በየትኛው ቁጥር እንደሚጠራ ሁሉም ተጽፏል። «ይሄ ፓምፕ ለምን አለ? ቢቆም የቱ ሥራ ይጎዳል? የእሱን ሥራ የሚሸፍን ሌላ ነገር አለ ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ሥዕሉ መልስ የለውም። መልሱ ያለው ብዙ ዓመት በሠራ ኦፕሬተር ጭንቅላት ውስጥ ነው። እሱ ጡረታ ሲወጣ መልሱም አብሮት ይወጣል።

የተግባር ሞዴል ይህን መልስ ወረቀት ላይ ያወርዳል። የሚሥለው ዕቃውን ሳይሆን የዕቃውን ሥራ ነው። ፋብሪካው ምን ለማሳካት ቆመ? ያ በምን ይፈጸማል? ያኛውስ በምን ይደገፋል? እያለ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ችግሩ ዘዴው ብዙ መሆኑ ነው። የፕሮሰስ መሐንዲስ፣ የጥገና ዕቅድ አውጪ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች ከሆናችሁ ምርጫው ግራ ያጋባል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጥያቄያችሁን ሳትለዩ ዘዴ አትምረጡ። ሶፍትዌርማ ከዚያ በፊት ጨርሶ አትግዙ። ከታች ያሉትን ዘዴዎች የምመዝነው በስማቸው ወይም በዕድሜያቸው አይደለም። ሁለት ተጨባጭ ችግሮች አቀርብላቸዋለሁ፤ የትኛው ምን እንደሚመልስ እናያለን።

ሁለቱ መፈተኛዎች

የመጀመሪያው አሜሪካ ውስጥ የሆነ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 ቴክሳስ ሲቲ በሚገኘው የቢፒ ነዳጅ ማጣሪያ አንድ የመለያ ማማ ከጥገና በኋላ ሥራ እየጀመረ ነበር። ማማው 52 ሜትር ገደማ ቁመት አለው። ፈሳሽ ከሦስት ሰዓት በላይ ገባበት። ከሥሩ ግን አልወጣም። የፈሳሹን ከፍታ የሚለካው ትራንስሚተር የተሠራው የማማውን የታችኛውን 3 ሜትር ያህል ብቻ እንዲያይ ነው። ማማው እየሞላ ሳለ ትራንስሚተሩ ከፍታው እየቀነሰ ነው ይል ነበር። ራሱን የቻለው ሌላው የከፍታ አላርምም አልጮኸም። በመጨረሻ ፈሳሹ በአናቱ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ተነነ፣ ተቀጣጠለ። 15 ሰዎች ሞቱ፤ 180 ቆሰሉ። መርማሪዎቹ ካገኟቸው ብዙ ጉድለቶች አንዱ ይህ ነው፦ ወደ ማማው የሚገባውና ከማማው የሚወጣው ፍሰት በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን አይታዩም ነበር። ልዩነታቸውን የሚያሰላም አልነበረም።

ሁለተኛው ለኛ ይቀርባል። ወንጂ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ መተሐራም ሆነ ፊንጫ ላይ መሠረታዊው አሠራር አንድ ነው። አገዳው ይጨመቃል። ጭማቂው በኖራ ታክሞ ይጣራል፤ ከዚያ ኢቫፖሬተር ውስጥ ገብቶ ይወፍራል። ጭማቂው የወጣለት ገለባ፣ ባጋሱ ማለት ነው፣ ቦይለር ውስጥ ይነዳል። ቦይለሩ እንፋሎት ያመነጫል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። ከተርባይኑ ግፊቱ ቀንሶ የወጣው እንፋሎት ወደ ኢቫፖሬተሩ ሄዶ ጭማቂውን ያፈላል። እዚያ ሙቀቱን ሰጥቶ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ኮንደንሴት የምንለው ነው። ንጹሕ ስለሆነ ለቦይለሩ ምግብ ውሃ ይሆናል። ዙሩ እዚህ ይገጥማል።

እንግዲህ አንድ ቀን ጠዋት ላቦራቶሪው ኮንደንሴት ውስጥ ስኳር አገኘ እንበል። ምርመራው ቀላል ነው። ናሙናው ላይ አልፋ ናፍቶል ጠብ ይደረግና ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ በጎን ይፈስበታል። ስኳር ካለ በሁለቱ መገናኛ ላይ ሐምራዊ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ ከታየ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ስኳር ቦይለር ውስጥ ሲገባ ተሰባብሮ አሲድ ይሆናል። የቦይለሩ ውሃ አረፋ ያነሳል። አረፋው ከእንፋሎቱ ጋር ተጎትቶ እስከ ተርባይን ሊደርስ ይችላል። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ከየት ገባ? ምን ምን ይነካል? ምን እናድርግ?

የቧንቧ ሥዕሎቹ

የብሎክ ዲያግራሙ፣ የፕሮሰስ ፍሰት ሥዕሉና የቧንቧና የመሣሪያ ሥዕሉ (ፒ ኤንድ አይ ዲው) የግድ ያስፈልጋሉ። የተግባር ሞዴል ግን አይደሉም። በቴክሳስ ሲቲ ጉዳይ ትራንስሚተሩም፣ የመውጫው ቫልቭም ሥዕል ላይ ሊሠፍሩ ይችላሉ። ሁለቱ ተባብረው የትኛውን ተግባር እንደሚጠብቁ ግን ሥዕሉ አይናገርም። በኮንደንሴቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። መስመሮቹን ያሳያል፤ የሚያስፈራውን መንገድ አይለይም።

ስለዚህ እንደ መነሻ ያዟቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ሥዕሉን በእጃችሁ ይዛችሁ መስመሩን በእግራችሁ ተከተሉ። በቆየ ፋብሪካ ውስጥ የተጨመረ ማለፊያ ቧንቧ፣ የተነሳ ቫልቭ፣ በጊዜያዊነት ተገጥሞ የቀረ ግንኙነት ይኖራል። ሞዴሉ ያረጀ ሥዕል ላይ ከተመሠረተ ስሕተቱን በሚያምር መልክ ይደግመዋል።

አይዴፍ ዜሮ፦ ለቢሮና ለርክክብ

ይህ የአሜሪካ አየር ኃይል በ1970ዎቹ ለማምረቻ ሥራ ያዘጋጀው ዘዴ ነው። በ1993 የመንግሥት ስታንዳርድ ሆነ። እያንዳንዱ ተግባር ሳጥን ነው። ከግራ ግብዓት ይገባል፤ በቀኝ ውጤት ይወጣል። ከላይ ሥራውን የሚገዛው መመሪያ፣ ከታች የሚሠራው ሰው ወይም ማሽን ይመጣል። ሳጥኑን ስትከፍቱት ውስጡ ሌሎች ሳጥኖች አሉ።

ለማስረዳት ጎበዝ ነው። ማኔጅመንት ፊት ይዛችሁ ብትቀርቡ ማንም ይረዳዋል። የሥራ መመሪያ ለመጻፍ፣ በክፍሎች መካከል ማን ለማን ምን እንደሚያስረክብ ለማጥራት እኔም እመርጠዋለሁ። ስኳሩ ከየት ገባ ብላችሁ ስትጠይቁት ግን የሚሰጣችሁ የለም። ቁስና ጉልበት በአንድ ዓይነት ቀስት ይሄዳሉ። ተመልሶ የሚመጣ ዙር ሲበዛ ገጹ በቀስት ይጨናነቃል። ለፕሮሰስ ብልሽት ትንተና አትምረጡት።

የግብ ዛፍ፦ ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው

ከላይ የፋብሪካው ግብ ይጻፋል፦ ጥራቱን የጠበቀ ስኳር ማምረት፣ ሰውን አለመጉዳት። ከሥሩ ንዑስ ግቦች ይወርዳሉ። ወደ ታች ስትሄዱ «እንዴት?» ትላላችሁ፤ ወደ ላይ ስትወጡ «ለምን?»። ከግቦቹ ሥር ደግሞ ግቡን የሚያሳኩት መሣሪያዎች ይደረደራሉ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ሞሐመድ ሞዳሬስና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ዘዴውን ያዳበሩት ለኒውክሌር ጣቢያዎች ነበር።

ነጭ ሰሌዳና ማርከር ይበቃዋል። የጥገና ክፍሉን፣ የምርት ክፍሉንና የላቦራቶሪውን ሰው አንድ ክፍል አስቀምጣችሁ ግማሽ ቀን ብትሠሩ ጠቃሚ ነገር ይወጣችኋል። በተለይ የመለዋወጫ በጀት ሲጠብ ጥሩ ነው። የትኛው ፓምፕ ቢቆም ወደ ላይ ሄዶ የትኛውን ግብ እንደሚጥል በግልጽ ይታያል። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዛፍ ግን ዙር አይወድም። ስኳር ፋብሪካ ደግሞ ዙር ነው። ባጋስ ከሌለ እንፋሎት የለም። እንፋሎት ከሌለ ወፍጮው አይዞርም። ወፍጮው ካልዞረ ባጋስ የለም። ዛፉ ላይ ይህን ስትሥሉ አንድ ቦታ ላይ ቅርንጫፉን መቁረጥ ግድ ይላችኋል። የቆረጣችሁበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው ችግር ያለበት ነው፤ ፋብሪካው ከቆመበት ሲነሳ የተከማቸ ባጋስ ወይም ሌላ ነዳጅ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። የግብ ዛፍ ስትሠሩ የቆረጣችሁትን ዙር ሁሉ ዳር ላይ ጻፉት። ካልጻፋችሁት ይረሳል።

የራስሙሰን አምስት ደረጃ፦ ለስክሪንና ለኦፕሬተር

ዴንማርካዊው የንስ ራስሙሰን ሪሶ በሚባለው ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሲሠራ የጠየቀው ሌላ ነው። ኦፕሬተር ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው እንዴት ያስባል? ያገኘው መልስ ሰው በደረጃዎች መካከል ይወጣል ይወርዳል የሚል ነው። ከላይ የፋብሪካው ዓላማ አለ። ቀጥሎ የቁስና የጉልበት ሚዛን። ከዚያ አጠቃላይ ሥራው፣ ለምሳሌ ማትነን ወይም ማቀዝቀዝ። ከዚያ መሣሪያው። መጨረሻ ላይ የመሣሪያው መልክና ቦታ።

አብዛኛው የኮንትሮል ሩም ስክሪን የሚያሳየው አራተኛውን ደረጃ ብቻ ነው። ፓምፕ፣ ቫልቭ፣ ታንክ። ሁለተኛው ደረጃ፣ ሚዛኑ፣ ይጎድላል። ቴክሳስ ሲቲ ላይ የጎደለው በትክክል ይሄ ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ልዩነቱ የት አለ? ይህ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ቢኖር ኖሮ ትራንስሚተሩ የሚለውን የሚጠራጠር ነገር በኦፕሬተሩ ዓይን ፊት ይኖር ነበር።

የመሣሪያው ደረጃ ብቻውንም ሊያሳስት ይችላል። በ1979 ትሪ ማይል አይላንድ በተባለው የአሜሪካ ኒውክሌር ጣቢያ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። መቆጣጠሪያው ላይ ያለው መብራት ግን የተዘጋ አስመሰለው። መብራቱ የሚያሳየው ቫልቩ መዘጋቱን ሳይሆን ትእዛዝ መላኩን ነበር። ውሃው በዚያ ቫልቭ ሲወጣ ቆየ።

እንግዲህ አዲስ ስክሪን የምታስነድፉ ወይም ኦፕሬተር የምታሠለጥኑ ከሆነ ይህን ምረጡ። ድክመቱ ቋሚ የአሣሣል ሕግ የሌለው መሆኑ ነው። ሁለት መሐንዲስ ለአንድ ቦይለር ሁለት የተለያየ ሥዕል ይዘው ይመጣሉ። ኮምፒዩተር ምክንያቱን ፈልግልኝ ብላችሁም የምትሰጡት ዓይነት አይደለም።

ባለብዙ ደረጃ የፍሰት ሞዴል፦ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል

በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤም ኤፍ ኤም ይባላል። የዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲው ሞርተን ሊንድ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያዳበረው ነው። ከራስሙሰን ሐሳብ ተነስቶ ለሥዕሉ ቋሚ ምልክቶች ሰጠው። ለብልሽት ትንተና የማደላው ወደዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

ሐሳቡ ይህ ነው። ፋብሪካ ቁስና ጉልበት የሚፈሱበት ቦታ ነው። ፍሰቱ ላይ የሚፈጸሙት መሠረታዊ ተግባራት ስድስት ናቸው፦ ምንጭ፣ ማስተላለፍ፣ ማከማቸት፣ ማመጣጠን፣ ማገድ እና መድረሻ። በነዚህ ስድስት ብቻ ቦይለርም፣ ማማም፣ የቢራ ጋን ማቀዝቀዣም ይሣላል። የቁሱ ፍሰት ለብቻው፣ የጉልበቱ ፍሰት ለብቻው ይሠራል። ከዚያ አንዱ ለሌላው መሣሪያ የሆነበት ቦታ በመስመር ይያያዛል። ቁጥጥሩም፣ ማለትም ከፍታን ወይም ግፊትን የሚጠብቀው ሁሉ፣ በራሱ ምልክት ይጨመራል።

የእንፋሎት ዙራችን ላይ እናስቀምጠው። በውሃው ፍሰት የምግብ ውሃ ታንኩ ያከማቻል። ፓምፑ ያስተላልፋል። የቦይለሩ ከበሮ፣ ማለትም ውሃውንና እንፋሎቱን የሚይዘው ጋን፣ ያከማቻል። እንፋሎቱ ለተርባይንና ለሌላ መስመር የሚከፋፈልበት ቦታ ያመጣጥናል። ወደ ፍሳሽ የሚጣለው ኮንደንሴት መድረሻው እዚያ ነው። በጉልበቱ ፍሰት ደግሞ ምንጩ ባጋሱ ነው፤ መድረሻው የሚፈላው ጭማቂ። ውሃው እየዞረ ሙቀቱን ያደርሳል። ስለዚህ የውሃው ዝውውር ለሙቀቱ ማስተላለፊያ ነው፤ ሁለቱ ሥዕሎች በመስመር የሚያያዙት እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ ሲቆም በውሃው ሥዕል አንድ ማስተላለፍ ይሞታል። መስመሩን ስትከተሉ በጉልበቱ ሥዕል የቱ እንደሚደክም፣ ከዚያም የትኛው የምርት ግብ እንደሚወድቅ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ስኳሩ እንመለስ። ኢቫፖሬተሩ በተከታታይ የቆሙ አካላት (ጋኖች) አሉት፤ የአንዱ ትነት ቀጣዩን ያሞቃል። የመጀመሪያውን አካል ውሰዱ። ውስጡ በቱቦ የተሞላ ነው። ጭማቂው በቱቦዎቹ ውስጥ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በውጭ በኩል ይከባቸዋል። የቱቦው ግድግዳ አንድ ቀጭን ብረት ነው። ተግባሩ ግን ሁለት ነው። በጉልበቱ ፍሰት ሙቀት ያስተላልፋል። በቁሱ ፍሰት ጭማቂውን ከኮንደንሴቱ ያግዳል። ፒ ኤንድ አይ ዲው ላይ ለማስተላለፉ ምልክት አለው። ለማገዱ ግን ምንም የለም፤ ለማገድ ብሎ ለብቻው የተተከለ ዕቃ የለምና።

ሞዴሉ ላይ «ማገድ» ብላችሁ ስትጽፉ ቀጣዩ ጥያቄ ራሱ ይመጣል። ይህን እገዳ ምን ያቆመዋል? ሁለት ነገር። አንደኛ የቱቦው ጤንነት። ሁለተኛ የግፊቱ ልዩነት። ፋብሪካው እየሠራ ሳለ በእንፋሎቱ በኩል ያለው ግፊት ከጭማቂው በኩል ይበልጣል። ቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቢኖር እንፋሎት ወደ ጭማቂው ይገባል። ጭማቂው በጥቂቱ ይቀጥናል፤ ማንም ላያስተውለው ይችላል። ወፍጮው ሲቆም ግን እንፋሎቱ ይዘጋል፤ ያ ወገን እየቀዘቀዘ ግፊቱ ይወርዳል። ልዩነቱ ይገለበጣል። አሁን ጭማቂው በዚያችው ቀዳዳ ወደ ኮንደንሴቱ ወገን ያልፋል። ሥራ ሲጀመር የመጀመሪያው ኮንደንሴት ስኳሩን ይዞ ይወጣል።

ሁለተኛ መንገድም አለ። ከሁለተኛው አካል ጀምሮ የሚሰበሰበው ኮንደንሴት የመጣው ከጭማቂው ራሱ ከተነነው ነው። ጭማቂው በኃይል ሲፈላ ወይም ከፍታው ሲበዛ ጥቃቅን ጠብታዎች ከትነቱ ጋር ይሄዳሉ። ይህ ውሃ ብዙ ጊዜ ለባጋስ ማጠቢያና ለሌላ ሥራ ይውላል። ወደ ቦይለር የሚወስደው ቫልቭ ቢያሳልፍ ወይም ተከፍቶ ቢረሳስ? ያ ቫልቭም ሞዴሉ ላይ አንድ ማገድ ነው።

ሁለቱ መንገዶች የተለያየ ምልክት ይተዋሉ። ስኳሩ በመጀመሪያው አካል ኮንደንሴት ውስጥ፣ በተለይ ከሥራ መቆም በኋላ ከታየ ቱቦውን ጠርጥሩ። ሥራ ሳይቆም፣ የሁለተኛው አካል ኮንደንሴት ውስጥም እየታየ ከሆነ የጠብታውንና የቫልቩን መንገድ ተከተሉ። መፍትሔዎቹም ይለያያሉ። ለመጀመሪያው፣ ከእያንዳንዱ መቆም በኋላ የመጀመሪያውን ኮንደንሴት ተመርምሮ ንጹሕ እስኪባል ወደ ፍሳሽ መልቀቅ፣ ከዚያ በጥገና ወቅት ቱቦዎቹን በግፊት መፈተሽ። ለሁለተኛው፣ የጭማቂውን ከፍታ ማስተካከልና የጠብታ መያዣውን ማየት። ይህ ሁሉ የወጣው «ማገድ» የሚለውን ተግባር በሥዕሉ ላይ ከማኖር ነው።

ቴክሳስ ሲቲን ለዚህ ሞዴል ስጡት። ማማው የሚያከማች ተግባር ነው። አንድ ማስተላለፍ ያስገባል፤ አንዱ ያስወጣል። የሚያስወጣው ዜሮ፣ የሚያስገባው ከዜሮ በላይ ከሆነ ክምችቱ መጨመሩ የግድ ነው። ትራንስሚተሩ «እየቀነሰ ነው» ካለ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው። ሕጉ ቀላል ስለሆነ ኮምፒዩተር ሊከተለው ይችላል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ብልጫ እዚህ ጋ ነው። ብሪታንያ፣ ዌልስ ውስጥ ሚልፎርድ ሄቨን በሚገኘው የቴክሳኮ ማጣሪያ በ1994 በደረሰው ፍንዳታ፣ በመጨረሻዎቹ 11 ደቂቃዎች ሁለት ኦፕሬተሮች 275 አላርሞች ወርደውባቸዋል። በዚያ ፍጥነት ማንም ሰው ዋናውን ከተከታዩ አይለይም። የፍሰት ሞዴል ግን የትኛው አላርም የሌላው ውጤት ሊሆን እንደሚችል ወደ ኋላ እየተከተለ ጥቂት ሊሆኑ የሚችሉ መነሻዎችን ያወጣል።

ድክመቱንም እወቁት። መጀመሪያ ስትጀምሩ እጃችሁ ዕቃ መሣል ይፈልጋል፤ «ፓምፕ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ተግባር መሣል እስክትለምዱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቁጥር አይሰጥም፤ ጨመረ ወይም ቀነሰ ይላችኋል እንጂ ስንት ቶን አይልም። ጊዜም አይነግርም። በባች የሚሠራ ነገር ላይ ደግሞ ይከብዳል። ስኳሩ የሚፈላበት ቫክዩም ፓን ሲሞላ፣ ሲፈላና ሲራገፍ ግቡ ይለያያል፤ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ የተለየ ሞዴል ያስፈልጋል። ለዘዴው የተሠሩት ሶፍትዌሮች በአብዛኛው የምርምር መሣሪያዎች ናቸው። ለአንድ ዙር ግን ወረቀትና እርሳስ ይበቃሉ።

ሃዞፕና የብልሽት ዛፍ

ሃዞፕ በ1960ዎቹ አይ ሲ አይ በተባለው የእንግሊዝ ኬሚካል ኩባንያ የተጀመረ የውይይት ዘዴ ነው። በየመስመሩ «ፍሰት ባይኖርስ? ቢበዛስ? ቢገለበጥስ?» ይባላል። የብልሽት ዛፍ ደግሞ በ1962 ቤል ላቦራቶሪ ለሚሳኤል ሥርዓት ያወጣው ነው፤ ከአንድ ክፉ ውጤት ተነስቶ ወደ ምክንያቶቹ ይወርዳል።

ሁለቱም የተግባር ሞዴል አይደሉም። በተግባር ሞዴል ላይ ሲሠሩ ግን በጣም ይሻላሉ። ሃዞፕ ላይ የምታዩት ችግር ሰዎቹ ሲደክማቸው ሰንጠረዡን መሙላት ብቻ መያዛቸው ነው። እገዳዎቹና ክምችቶቹ አስቀድመው ተለይተው ከቀረቡ ውይይቱ የሚያተኩርበትን ያውቃል። ደንብ ወይም ኢንሹራንስ ሃዞፕ ከጠየቃችሁ እሱን መተው አይቻልም። ከስብሰባው በፊት ግን የፍሰት ሞዴል ሥሩ።

ሲሙሌሽን፦ «ስንት?» ለሚል ጥያቄ

እስካሁን ያየናቸው «ለምን» እና «ከየት» ይመልሳሉ። ስንት እንፋሎት እቆጥባለሁ ካላችሁ ሌላ መሣሪያ ነው፦ የፋብሪካውን አሠራር በኮምፒዩተር በቁጥር የሚያስመስለው ሲሙሌሽን።

በእጅ ሒሳብ እንጀምር። 100 ኪሎ ጭማቂ 15 ብሪክስ ቢሆን ውስጡ 15 ኪሎ ጠጣር ነገር አለ ማለት ነው። ወደ 65 ብሪክስ ሽሮፕ ብናወፍረው 23 ኪሎ ገደማ ይቀራል። 77 ኪሎ ውሃ መትነን አለበት። ይህን በአንድ አካል ብቻ ብናተን 77 ኪሎ ያህል እንፋሎት ይፈጃል። በአራት አካል ከሆነ ወደ 19 ኪሎ፣ በአምስት ከሆነ ወደ 15 ኪሎ ይወርዳል። የአንዱን አካል ትነት ለቀጣዩ ማሞቂያ የማድረጉን ዘዴ የፈለሰፈው በኒው ኦርሊንስ የተወለደው ጥቁር መሐንዲስ ኖርበርት ሪልዬ ነው፤ የመጀመሪያውን ፓተንት ያገኘው በ1843፣ ባርነት ገና ባልቀረበት አገር ነበር። ዛሬም የዓለም ስኳር የሚሠራው በሱ ሐሳብ ስለሆነ ስሙን መዝለል አልፈለግሁም።

ከዚህ በላይ ስትሄዱ፣ የሙቀት ብክነቱን፣ በየመሐሉ የሚቀዳውን ትነት፣ የቱቦውን መቆሸሽ ስትጨምሩ ሲሙሌሽን ያስፈልጋል። ዲደብሊውሲም በነጻ የሚወርድና ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። በጊዜ ውስጥ የሚለዋወጥ ባሕርይ፣ ለምሳሌ የከበሮውን የውሃ ከፍታ ቁጥጥር፣ ለማየት ኦፕንሞዴሊካም ነጻ ነው። አስፔን ሃይሲስ ጠንካራ ነው፤ ፈቃዱ ግን በዶላር ነው። ይህ ሶፍትዌር ያደገው በነዳጅና በጋዝ ዘርፍ ስለሆነ የስኳር ሽሮፕን ባሕርይ፣ በተለይ ሲወፍር የመፍሊያ ነጥቡ መጨመሩን፣ ራሳችሁ ማስገባት ሊኖርባችሁ ይችላል።

ሲሙሌሽን ያልነገራችሁትን ብልሽት አያውቅም። የቱቦውን ቀዳዳ ካላስገባችሁበት ኮንደንሴቱ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ምን ማስገባት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ የተግባር ሞዴሉ ነው። ቅደም ተከተሉን የማጠብቀው ለዚህ ነው። «ዲጂታል መንትያ»፣ ማለትም የፋብሪካውን የኮምፒዩተር ቅጂ፣ ይዞ የሚመጣ አቅራቢ ሲያጋጥማችሁም አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ ይህ ቫልቭ ቢዘጋ የትኛው ግብ ይነካል፣ በየትኛው መንገድ? ቁጥር ብቻ ከሰጣችሁ ያቀረበላችሁ ሲሙሌሽን ነው። ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው።

እንግዲህ የቱን?

የጥገና በጀት ለመከፋፈል ከሆነ የግብ ዛፍ። ዛሬ ከሰዓት መጀመር ትችላላችሁ።

በተደጋጋሚ የሚመጣ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ካላችሁ የፍሰት ሞዴል። መላውን ፋብሪካ ግን አትሣሉ። አንድ ዙር ምረጡ። ስኳር ላይ የእንፋሎቱና የኮንደንሴቱ ዙር፣ ቢራ ላይ የማቀዝቀዣው ዙር፣ ሲሚንቶ ላይ የምድጃውና የሙቅ አየሩ ዙር ጥሩ መነሻ ናቸው። ቁስና ጉልበት አንዱ ባንዱ ላይ የተደገፉበት ቦታ ዘዴው ብዙ ያወጣል።

ኮንትሮል ሩሙ ሊታደስ ከሆነ የራስሙሰንን ደረጃ ይዛችሁ ስክሪኑን ከሚሠራው ድርጅት ጋር ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ ትልቅ ዕቃ የገባና የወጣ ሚዛን በአንድ ገጽ ላይ ይታይ በሉ። ውሉ ላይ ይጻፍ፤ በኋላ ማስጨመር ይወደዳል።

አዲስ አካል ልትጨምሩ፣ አቅም ልታሳድጉ ከሆነ ሲሙሌሽን። ተማሪ ከሆናችሁና መመረቂያ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የምመክራችሁ ሁለቱን ማጣመር ነው። አንድ ዙር በኤም ኤፍ ኤም ሥሩ፣ ያንኑ በዲደብሊውሲም አስሉ፤ ከዚያ ሞዴሉ የጠቆመውን ብልሽት ሲሙሌሽኑ ውስጥ አስገብታችሁ ምልክቶቹ ይገጥሙ እንደሆነ እዩ። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ለፋብሪካውም ይጠቅማል።

የትኛውንም ብትመርጡ ሞዴሉን ከኦፕሬተሮቹ ጋር ሥሩ። መሐንዲሱ ብቻውን የሠራው ሞዴል ንጹሕ ይመስላል፤ የሌሊት ሺፍቱ ሰው የሚያውቀው ማለፊያ ቧንቧ ግን አይገኝበትም። ሰውየውን «ይሄ ምን ይባላል» ሳይሆን «ይሄ ባይኖር ምን ታደርጋለህ» ብላችሁ ጠይቁት። ተግባሩን የምታገኙት ከዚህ መልስ ነው።

ከዚያ ፈትኑት። የሺፍት መዝገቡን አውጡና ባለፈው የምርት ዘመን ፋብሪካውን ያቆሙትን ብልሽቶች ዘርዝሩ። እያንዳንዱን ምልክት ሞዴሉ ላይ አስቀምጡና ወደ ኋላ ተከተሉት። በወቅቱ የተገኘው ምክንያት ሞዴሉ ከሚያወጣቸው መካከል ካለ ሠርቷል። ከሌለ የጎደለውን ተግባር ፈልጉ። ከጎደሉት ብዙዎቹን የምታገኙት ዕቃ በሌላቸው ተግባራት ላይ ነው፤ በግፊት ልዩነት፣ በከፍታ፣ «ይህ ቫልቭ ሁልጊዜ ዝግ ነው» በሚል ልማድ የቆሙ እገዳዎች ላይ።